ከምዕራፍ ዐሥር በኋላ የተዛባው ሰዓት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ይርጋ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ረቂቅ ሰጡኝ። ፊደል ለቃሚው ይሳሳታል፣ ተርጓሚው ግን ያታልላል አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ፊደሉን አርም፣ ሰውየውን ጠርጥር" አሉ። ከዚያ በፊት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ "ማረሚያ ክፍል ነው የምሠራው" ስል ወህኒ ቤት የተቀጠርኩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር። ጠባዬም ለወህኒ ቤቱ ሳይቀርብ አይቀርም።

አራሚ አንድን ረቂቅ ሦስት ጊዜ ያነባል። የመጀመሪያው ንባብ ለፊደል፣ ሁለተኛው ለዓረፍተ ነገር፣ ሦስተኛው ለታሪኩ ነው። በሦስተኛው ቀይ እስክሪብቶ አይነካም፤ ጥያቄ ካለ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ይጻፋል። እኔ ነገር የማሸተው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ የሌላ ሰው ትርጉም በራሱ ስም አምጥቶልን፣ ከታተመ በኋላ ባለቤቱ መጥቶ አዋርዶናል። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተርጓሚ አምኜ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን አንባቢ የሚሻማው በአንድ የጥንት እንግሊዛዊ መርማሪ ታሪክ ነበር። የፈጠረው ደራሲ ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ የዛሬ ደራሲዎች ግን መርማሪውን ከመቃብር እየቀሰቀሱ አዳዲስ ወንጀል ያስመረምሩታል። ጋሪው፣ የጋዝ መብራቱ፣ ጭጋጉ እንዳለ ነው። ጭጋጉስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ክረምት ላይ እዚሁ ደጃችን አለ። እኔ ግን በሰው ገጸ ባሕርይ የሚኖር ደራሲ ከመነሻው አይጥመኝም። በዚያ ላይ ተርጓሚ ሲጨመርበት፣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ከእነዚህ አዳዲስ መጻሕፍት አንዱን መምህርት ውባለም ተርጉማ አመጣችልን። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ ገሳይ ይኖራሉ። የመጀመሪያ መጽሐፏ ስለሆነ ስሟ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ይወጣ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። አማርኛዋ ይጣፍጣል። ለጀማሪ በጣም ጣፈጠ ብዬ ይህንንም ጠረጠርኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፣ ጋሪ ነጂውም ይታሰራል። ምዕራፍ አራት ላይ ጋሪ ነጂው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ባቡር ጣቢያ ታይቷል። ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ ግድያው የተፈጸመው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። መርማሪው ደግሞ፣ በዚያው ሰዓት ጣቢያ ስለነበር ንጹሕ ነው ብሎ ያስፈታዋል። በየትኛው ሰዓት? በመካከሉ እኮ ስድስት ሰዓት አለ። ጋሪ ነጂው እራቱን በልቶ፣ ተመልሶ፣ ገድሎ ሊተኛ ይችላል።

እንግሊዞች ማታ ዘጠኝ የሚሉትን እኛ ሦስት ሰዓት እንላለን። በረቂቁ ውስጥ ያለውን ሰዓት ሁሉ በእርሳስ አሰመርኩበት። እስከ ምዕራፍ ዐሥር በእኛ አቆጣጠር ተቀይሯል፤ ከአሥራ አንድ ጀምሮ እንደ ፈረንጁ ተትቷል። አንድ ሰው እንዴት መሐል መንገድ ላይ ሰዓት መቁጠር ይረሳል? ሁለት ሰው ጽፎታል ብዬ ደመደምኩ። ባሕር ዳር ሌላ ሰው ይህንኑ መጽሐፍ እየተረጎመ ነው የሚል ወሬም ሰምቼ ነበር። ወሬውንና ሰዓቱን አገጣጠምኩና፣ ግማሹን ከዚያ ሰውዬ ወስዳዋለች ብዬ ለአቶ ይርጋ ነገርኳቸው። እሳቸውም ኅትመቱን አስቆሙ። አጥጋቢ መልስ ከሌላት ስሟ ከሽፋኑ ይወጣል አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ተጠርታ መጣች። ወንበር እንኳ ሳላቀርብላት አቶ ይርጋ ፊት ገጾቹን ዘረጋሁ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። አይቻለሁ፣ ግን አላሰብኩበትም።

"ከምዕራፍ አሥራ አንድ ወዲህ ያለውን ማን ነው የተረጎመው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ።"

"እስከ ዐሥር ያለውንስ?"

"እሱንም እኔው ነኝ" አለችና ያሰመርኩባቸውን ሰዓቶች አንድ በአንድ አየች። ስህተቱን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። አባቷ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ገሳይ እየሄደች የተረጎመችውን ታነብላቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ጨልሞ ነበር ብላ ስታነብ አስቆሟት።

"'ኧረ ልጄ፣ ስምንት ሰዓትማ ፀሐዩ የሚያቃጥልበት ነው፤ ምኑ ነው የጨለመ?' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በመጣ ቁጥር ያስቆሙኛል፣ እኔም እቀይራለሁ። ምዕራፍ ዐሥርን ሰምተው በሳምንቱ ዐረፉ። የቀረውን ለማንም አላነበብኩትም፣ ጋሼ።"

አቶ ይርጋ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ አፈርኩ። ለቅሶ ልደርሳት የሚገባኝን ልጅ እንደ ዳኛ ፊቴ አቁሜያታለሁ። እግዜር ያጥናሽ አልኳት፤ በጣም ዘግይቼ።

"ሰዓቱን አንቱ አስተካክሉልኝ። እኔ ጮክ ብዬ ማንበብ አቅቶኛል" አለችኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የጋሪ ነጂው ነገር ተቃና፣ ስሟም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ወጣ። ይቅርታ ስጠይቃት "ግድ የለም" አለችኝ። ሁለተኛውን መጽሐፏን ስታመጣ ግን ሌላ አራሚ እንዲያየው አቶ ይርጋን ለመነቻቸው። እሳቸውም ሰጡላት።

ለአዲስ አራሚዎች የምለው ይህን ነው። የተዛባ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ ባለቤቱን ምን እንደገጠመው ጠይቁት። እኔ የጠየቅኩት ማን እንደሰረቀ ነው።