ከንቲባውንስ ለመኑት

ከኮቪድ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን እንዲሆን ብለን በስደት ከምንኖርባት ከተማ ዳውንታውን በስተምሥራቅ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት ገዛን። በጥንት ዘመን፣ ሰው በጋሪ ሲሄድ፣ የከተማዋ ከንቲባ የነበረ ሰው የኖረበት ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል። ሰው ሁሉ ግን "ታሪካዊ ነው" እያለ ይደነቅ ነበር።

እድሳቱን የሚመራ ኮሚቴ ሲቋቋም አንዱ ለሰብሳቢነት እኔን ጠቆመ። ቦታውን እፈልገው ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ? ሁሉም ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ የስልክ ጸሎቱን ያቆየሁት፣ የታመመ ሰው በር ላይ ምግብ አስቀምጬ የተመለስኩት እኔ ነኝ። እንደ ወጉ ግን ብድግ አልኩና፣ "ኧረ እኔ አልችለውም፣ ከእኔ የተሻለ አይጠፋም" አልኩ። ይህ እምቢታ እንዳልሆነ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንዴ ሁለቴ "ግድ የለም፣ ይችላሉ" ይባላል፤ ያኔ አንገት ደፍቶ "እንግዲህ ካላችሁ" ማለት ነው።

ስብሰባውን የሚመራው ሽማግሌ፣ አገር ቤት አርጅቶ የመጣ ሰው፣ "ውሳኔዎን ሪስፔክት እናደርጋለን እህታችን" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ጭራሽ አጨበጨቡልኝ። የተመረጠው የሽማግሌው የሚስት ወንድም ነው።

ይህ ሳያንስ፣ በአዲሱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በምናመልክበት እሁድ የከንቲባውን ታሪክ እኔ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። "እርስዎ ጊዜ አለዎት" አሉኝ።

የድሮው እንግሊዝኛ ስለሚከብደኝ ልጄን ይዤ ላይብረሪ ሄድኩ። ከንቲባው የገበሬ ልጅ ነው። ወደ ከተማ መጥቶ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረ፤ ኮርቻ እየሰፋ ሕግ አንብቦ ጠበቃ ሆነ። በጎዳናው የሚርመሰመሰውን አሳማ ያስወጣ፣ ጭቃው ላይ ድንጋይ ያስነጠፈ እሱ ነው። እስከዚህ ደህና። ለከንቲባነት ሲያጩት ግን "አልፈልግም፣ ከእኔ የተሻለ አለ" ብሎ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ደጋፊዎቹ ሙዚቀኛ አሰልፈው፣ ችቦ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ወጥቶ እሺ አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጩትም እምቢ አለ፤ አሁንም ለመኑት።

"ማሚ፣ ለምንድነው እንደዚህ ማድ የሆንሽው?" አለች ልጄ። "ሰውዬው እኮ ሞቷል።"

"መሞቱንማ አውቃለሁ። ግን ተለምኖ ነው የሞተው!"

እሁድ ዕለት ታሪኩን ሳቀርብ፣ እሱን የለመኑበት ቦታ ላይ ስደርስ ሽማግሌውን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ። "አሜን!" አለ። ምንም አልገባውም።

ዓመት ሳይሞላ የሚስቱ ወንድም እድሳቱን ግማሽ ላይ ጥሎ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። ሽማግሌው ከከተማው ወጣ ብሎ ብሌንደን የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ድረስ ኬክ ይዞ መጣ።

"እህታችን፣ ያንን ኮሚቴ እንግዲህ እርስዎ..."

"እሺ" አልኩት።

ደነገጠ። የሚለምንበትን ቃል አዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ፣ ኬኩን እንደያዘ ቀረ። "ጸልየውበት ቢነግሩን አይሻልም?"

"ጸልዬበታለሁ። ከመቼ ልጀምር?"

በሳምንቱ፣ "ሥልጣን ስትመኝ የኖረች ሴት! ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችም" መባሌን ሰማሁ። ራሴ ሄጄ ሹሙኝ ብዬ ብለምነው ኖሮስ ምን ሊሉ ነበር? እምቢ ስል አመሰገኑኝ፣ እሺ ስል አሙኝ። ወሬውን ያስነሳውን ሰው አውቀዋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ አላስገባሁትም።