ከዳርስ የመጣው ካርድ

ልጆቼን ሳሳድግ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረኝ። ለሽርሽር ከመውጣታችን በፊት የምንሄድበትን ቦታ ታሪክና የስሙን ምንጭ አጥንተው ፊቴ ቆመው ይነግሩኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት በራሴ አንብቤ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ልጄ እዚሁ ከተማ ካለው ሰፈሯ ከቦርንሃይም ደወለች።

«አባዬ፣ ከልጆቹ ጋር ባልቲክ ባሕር ዳር፣ ዳርስ ልንሄድ ነው። አብረኸን ትመጣለህ?»

«ዳርስ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ፈተና ነው እንዴ?»

መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ አነበብኩላት። ስሙን ያወጡት ከጀርመኖች በፊት የነበሩት ስላቮች ናቸው፤ እሾሃማ ቦታ ማለት ነው። ዛሬ ባሕረ ገብ መሬት ቢሆንም ድሮ ደሴት ነበር፤ አሸዋና ሰው ተጋግዘው ከየብሱ የሚለየውን ጠባብ ውሃ ደፈኑት።

«እኔ የጠየቅኩህ ትመጣለህ ወይ ብዬ ነው» አለች።

«መጀመሪያ አጥኚና ደውዪ» አልኳት።

አልደወለችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ከዳርስ ፖስትካርድ መጣ። የስሙን ትርጉምና የደሴቱን ታሪክ በጀርመንኛ፣ አንድም ሳትስት ጽፋበታለች። ከዚያ ውጭ ምንም የለበትም፤ እንዴት ነህ እንኳ አላለችም።

ሰው የሚረግጠውን መሬት ማወቅ አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ካርዱን ግን ብቻዬን ምሳ ስበላ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ያን ቀን ከእኔ የሚፈለገው መልስ «እመጣለሁ» ብቻ ነበር።