«ነጻ!» ብሎ መጥራት

ላፍቶ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ተራ ጠሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የመጀመሪያውን በሽተኛ ስም ስጠራ ከራሴ በቀር የሰማ አልነበረም። አለቃዬ ድሬሰሩ ጋሽ ታደሰ ከፋሻ ክፍሉ ብቅ አሉ።

«ዓለሚቱ፣ በሽተኛ እየጠራሽ ነው ወይስ ለራስሽ ምስጢር እየነገርሽ?»

ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን በካርዶቹ ሸፈንኩ።

ለሥራው ስድስተኛ ክፍል ይበቃል። ካርድ ክፍል ካርዱን ይሰጠኛል። ጥጉ ላይ በቀይ «ከ» ካለበት ታካሚው ከፋይ ነውና መጀመሪያ ወደ ገንዘብ ቤት ይሄዳል። «ነ» ካለበት፣ መክፈል አይችልም የሚል ወረቀት ከቀበሌ ወይም ከገበሬ ማኅበር አምጥቷልና በቀጥታ ወደ ምርመራ ይገባል። ሰው እንዳይምታታ «እገሌ፣ ከፋይ! እገሊት፣ ነጻ!» እያልኩ መጮህ ነበረብኝ። በዚያ በደርግ ጊዜ በሬዲዮ «ነጻ» የሚለውን ቃል የሚከተለው «እርምጃ» ነበርና፣ ስጮህ የሚደነግጥም አልጠፋም።

አግዳሚው ላይ ክርክር አይጠፋም። ባለሱቋ እትዬ ዘነበች በደም ብዛታቸው ምክንያት ደንበኛችን ነበሩ።

«ነጻዎቹን የሚያሳክመው የእኔ ገንዘብ ነው» ይላሉ።

«ነገ እርስዎ ቢያጡስ?» አላቸው አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ።

«እኔ? አፍህን በዳቦ!»

አንድ ቀን ከጀሞ በኩል አባባ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ እግራቸው ቆስሎ መጡ። «አቶ ቱፋ ጉተማ፣ ነጻ!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ቱፋ ጣሪያውን ያያሉ። ደገምኩ። አሁንም ጣሪያ።

ጨውና ላምባ የሚሸጡላቸው እትዬ ዘነበች ዞር አሉ። «ጋሽ ቱፋ! ያ ሁሉ በሬ እያለ ነጻ?»

«ሌላ ቱፋ ነው» አሉና እያነከሱ ወጡ።

በሳምንቱ በዱላ ተደግፈው ተመለሱ። ጋሽ ታደሰ በመስኮት አይተዋቸው ጠሩኝ። «ያ ቁስል ዛሬ ካልታጠበ እግሩ ይቆረጣል። እንደምንም አስገቢልኝ» አሉ።

እንደ ዕድል ሆኖ በጩኸት ብዛት ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ጠጋ ብዬ ጆሯቸው ላይ «አባባ፣ ይግቡ» አልኩ።

ዱላቸውን አንስተው ተነሡ። «አሁን ገና ስሜን አወቅሽው» አሉ።

ድምፄ ከተመለሰ በኋላም ነጻዎቹን በሹክሹክታ መጥራት ቀጠልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ፣ ልጅቷ ወደ ጆሮው ከተጠጋች ሰውየው ነጻ ነው ማለት እንደሆነ አግዳሚው ሁሉ አወቀ። ስለዚህ ለከፋዩም ለነጻውም ማንሾካሾክ ጀመርኩ።

እትዬ ዘነበች ተቆጡ። «እኔ ከፍዬ የምታከመዋን ሴትዮ ምን ታንሾካሹኪብኛለሽ? ጩኺ! ሰው ምን ይለኛል?»

ጋሽ ታደሰም ብቅ አሉ። «ዓለሚቱ፣ ይሄ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ንስሐ መቀበያ?» ይበሉ እንጂ አልከለከሉኝም። አባባ ቱፋ እግራቸው እስኪድን አንድ ቀን አልቀሩማ። እትዬ ዘነበችን ብቻ፣ በጠየቁት መሠረት፣ «ከፋይ!» እያልኩ ስጮህላቸው ኖርኩ።

ከዓመታት በኋላ የእትዬ ዘነበች ሱቅ ተዘጋ። ለምን እንደሆነ ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። አንድ ጠዋት ካርዳቸው እጄ ገባ፤ ጥጉ ላይ «ከ» ተሰርዞ «ነ» ተጽፏል። አባባ ቱፋ ለሳል መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ገና ወደ እሳቸው ስራመድ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ይግቡ» አልኩ፤ እኔ ራሴ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።

«ምነው ዛሬ ደግሞ ጮኽሽ!» አሉና ተነሡ።

አባባ ቱፋ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

በእኔ ቦታ ለምትተኩ፦ ካርዱን ለራሳችሁ አንብቡ፤ ሰውየውን ጠጋ ብላችሁ ጥሩት። ማን እንደሚከፍል ማወቅ ያለበት ገንዘብ ቤት ብቻ ነው።