ከዜሮ መበደር

የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከጭልጋ የመጣች አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ጎንደር ከቤታችን ጀርባ ትንሽ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ሒሳብም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቀናኝ። እሷ የገበሬ ልጅ ናት። አማርኛ ስታስረዳ አፍ ታስከፍታለች፤ ሒሳብ ሲነሳ ግን እጇን ያልባታል። አራተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ሰሌዳ ፊት አቁሞ በኩርኩም መትቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስታይ እንደምትደነግጥ ነግራኛለች።

አንድ ቀን ሒሳብን ለሕፃናት እንዴት እንደምናስተምር ስንማር፣ መምህሩ ከ503 ላይ 278 ቀንሱ አሉን። እሷ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከዜሮ እንዴት ነው የምንበደረው? ዜሮ ምንም የለውም። ምን ኖሮት ያበድራል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መምህሩም ፈገግ ብለው ወደ ሌላ አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ስሄድ አኩርፋለች።

«ምነው ሳቅሽብኝ?»

«ቀልድ መስሎኝ ነው።»

«ቀልድ አይደለም። በይ አስረጂኝ።»

ደብተሯን ተቀብዬ ጻፍኩላት። «አምስቱ አራት ይሆናል፣ ዜሮው ዘጠኝ፣ ሦስቱ አሥራ ሦስት። በቃ።»

«ዜሮው ለምን ዘጠኝ ሆነ?»

«ስለሚሆን ነዋ!» ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሷ መስሎኝ ነበር። «እንዲህ ከከበደሽ ተይው፤ ፈተናው ላይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ደብተሩን አየት አድርጋ ከደነችው። «እሺ፣ ሸጋ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሒሳብ አንድም ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። ፈተና ላይ ወረቀቴን ዘንበል አደርግላታለሁ፤ የቤት ሥራውን እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ትገለብጣለች። ውለታ የዋልኩላት ይመስለኝ ነበር። ተመረቅን። እሷ ትክል ድንጋይ ከተማ ተመደበች፤ እኔ ጎንደር ቀረሁ።

ዓመታት አልፈው አንድ ክረምት ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኟ ቀጫጭን እንጨቶች አደሉን፤ አሥር አሥሩ ባንድ ታስሯል፣ አሥሩ እስር ደግሞ አንድ ላይ ተጠምሮ መቶ ሆኗል። «ከመቶ ሦስት ላይ ስምንት ቀንሱ» አሉን። መቶውን ፈታሁት፤ አሥር እስር ሆነ። አንዱን እስር ፈትቼ ከሦስቱ ነጠላ እንጨቶች ጋር ስቀላቅለው፣ ዘጠኝ እስር ፊቴ ቀረ። ዘጠኙ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ስንትና ስንት ልጅ «ዘጠኝ ይሆናል» እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ለምን እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር። ወዲያው ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። ልደውልላት አስቤ አፈርኩና ተውኩት።

በዓመቱ ያንኑ ሥልጠና እንድሰጥ ትክል ድንጋይ ተላክሁ። ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ተቃቅፈን ከተላቀቅን በኋላ ስንተኛ ክፍል እንደምታስተምር ጠየቅኋት።

«አራተኛ። ሒሳቡን ግን ሌላ መምህር ይገባልኛል፤ እኔ በምትኩ የእሱን አማርኛ እይዛለሁ» ብላ ሳቀች።

መምህራን ማረፊያው ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨቶቹን አወጣሁ። እስሩን በገዛ እጇ ፈታችው። ሁለቴ መንገር አላስፈለገኝም።

«ይኸው ነው? ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ አላሳየሽኝም?»

«አላውቀውም ነበር።»

የያዘችውን እንጨት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አንቺም?»

«እኔም።»

«እኔ እኮ ሁላችሁም የምታውቁት፣ የማላውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነው የተውኩት። አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ አብረን እንጠይቅ ነበር።»

ይቅር በዪኝ አልኳት። «ተይው፣ ለእኔ ብለሽ ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥልጠናው ላይ ሁለቱንም ቀን መጣች፤ ከኋላ ተቀምጣ ከሁሉም የበለጠ ጠየቀች። ልሰናበታት ስል ሒሳቡን መልሳ እንድትይዝ ለመንኳት።

«ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቢጠፋብኝስ? አይ፣ አሁንማ አልደፍርም» አለች።

መስከረም ላይ ደውዬ ስጠይቃት አማርኛውን ይዛ ቀጥላለች። አሁንም እንደዋወላለን፤ ስለ ልጆቿና ስለ እናቴ ጤና እናወራለን። ሒሳቡን ሁለተኛ አላነሳሁባትም።