ያለ ጭስ የመጣው ሰው

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ሰሞን፣ የአሶሳ መሥሪያ ቤቶች ወንበር እንኳ በቅጡ ሳያሟሉ፣ በትንሽ አውሮፕላን የግሪሳ ወፍ መድኃኒት መርጨት ልማር ወደዚያ ተላክሁ። ርጭት ከማሽላው ራስ ብዙም ሳይርቁ መብረር ነው። ለልምምዱ ውሃ ሞልተን እንነሳለን፤ አሰልጣኜ ከኋላዬ ተቀምጦ «ማሽላውን ተወው፣ ዛፉን እይ» ይለኛል። እኔ ግን ከእኔ ወዲያ አብራሪ ላሳር ባይ ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማሽላውን ሳይ ከዛፉ ጋር ተላተምኩ። ስነቃ አውሮፕላኑ ተገልብጦ፣ እኔም ቁልቁል ተንጠልጥያለሁ። የወንበሩ ቀበቶ ደረቴን ጨምድዶ ይዞ አልፈታ አለ። አሰልጣኜ ከኋላ ያቃስታል። ቤንዚን አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ኖሯል፤ አብሮን ወድቆ ተሰነጠቀና ንቦቹ ፊቴን ሸፈኑት።

የቀፎው ባለቤት እየሮጠ መጣ፤ በእጁ የሚጨስ የሣር ችቦ ይዟል። በዚያ አገር ወደ ተቆጣ ንብ ያለ ጭስ የሚጠጋ የለም፤ ሊያድነን መሆኑ ገብቶኛል።

«ተመለስ! ቤንዚን ነው!» አልኩት።

ንቡን የፈራሁ መሰለው። «አይዞህ፣ ጭስ አለ» አለና ፈጠነ።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ታስሬ እንደተንጠለጠልኩ ዓይኔ እያየ ልቃጠል ነው። ደደብ አልኩት፣ ከብት አልኩት፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ ሰደብኩት።

ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመና አሸተተ። ወዲያው ተመልሶ ራቅ ብሎ ችቦውን አፈር ውስጥ ቀበረና ያለ ጭስ መጣ። ንቦቹ ወረሩት። ቀበቶዬን ወገቡ ላይ በሻጠው ማጭድ ቆርጦ ጎትቶ አወጣኝ፤ ከዚያም ተመልሶ አሰልጣኜን አወጣ።

ሆስፒታል ውስጥ የእኔና የባለ ቀፎው አልጋ ጎን ለጎን ሆነ። ዓይኖቹ አብጠው ስለተከደኑ አጠገቡ ማን እንደተኛ አያውቅም። ነርሷ ፊቱን ስትጠርግለት፣

«ያ ልጅ በጣም ተሳደበ» አላት። «ፈርቶ ነው፣ ምንም አይደለም። አሁን አለ? አልሞተም?»

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ መልሱን ጠበቀች። ከንፈሬ ቢያብጥም መናገር እችል ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አለ» አለችው እሷ።