የዶሮ መመገቢያ ጭነን ወደ የቡ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፤ ጎህ ሲቀድ

የኅዳር ጭጋግ ገና ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ አልተነሳም። ብረት ሠራተኛው ኑረዲን ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጭነቱን ያያል፤ አንድ ትልቅ በርሜል፣ ረጃጅም የቆርቆሮ ገንዳዎች፣ በጆንያ የተጠቀለለ ሰንሰለት፣ አንዲት ሞተር። ሲገጣጠም አውቶማቲክ የዶሮ መመገቢያ ይሆናል ብሎኛል። ለእኔ ዓይን ግን የፈረሰ ቤት ነው የሚመስለው።

የምንሄደው አክስቴ እትዬ በለጡ ዘንድ ነው። እትዬ አስተማሪ ባላቸውን ተከትለው ከሸዋ መጥተው የቡ ላይ አረጁ፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚውሉት ከእንቁላል ጣይ ዶሮዎቻቸው ጋር ነው። በክረምቱ የመኖ ባልዲ ተሸክመው ሲገቡ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ሰናይት፣ «ዶሮዎቹ ይሸጡና እማዬ እኔ ጋ ትምጣ» አለች። እትዬ ደግሞ «ከቤቴ ነቅላችሁ ፎቅ ላይ ብትተክሉኝ እደርቃለሁ» አሉ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ስምምነት ተደረገ። ማሽኑ መኖውን ካበላላቸው እዚያው ይቀራሉ፤ እምቢ ካለ ይሄዳሉ። አይቶ የሚፈርደው ደግሞ እኔ። ዶሮ የሚፈራ ሰው ለዶሮ ዳኝነት የሚልክ የእኛ ቤተሰብ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት በርሜሉን አይቶ ሳቀ። «ይሄ እኮ የሁለት ሰው ይከፍላል መሌ!» አለ በጅማ አነጋገሩ።

«ወላሂ ከሁለት ሰው ይሻላል፤ አያወራም» አለው ኑረዲን።

በርሜሉና ገንዳዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። ሞተሯን ኑረዲን ጭኑ ላይ ታቀፋት፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር በሁለት እጁ ደገፍ ያደርጋታል። በግራ በቀኝ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል። ለቀማ የወጡ ሴቶች ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ፤ በየደጁ የሽቦ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል። ደስ የሚል መንገድ ነው። እኔ ግን አክስቴ ይህን ሁሉ ትተው ከአንድ የፎቅ በረንዳ ላይ መኪና ሲቆጥሩ ይታየኛል።

የቡ፤ ረፋድ

እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይጠብቁናል። «ዳኒ፣ ከስተሃል። ሚስትህ አታበላህም?»

«የርስዎን ማሽን ተሸክሜ ነው እንጂ!»

ቅቅል ጎደሬ በሚጥሚጣ ቀረበልን። ውሃው ለዶሮዎቹ በቱቦ ይደርሳቸዋል፤ እንቁላሉንም እትዬ ከውጭ በኩል ተቀምጠው ይለቅማሉ። ያስቸገራቸው መኖው ነበር። አሁን መኖ የሚያመጣው ባለጋሪ በርሜሉ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ሰንሰለቱ በገንዳው ውስጥ እየጎተተ ለሁሉም ያዳርሳል። እትዬ የሚጠበቅባቸው ማብሪያውን መጫን ብቻ ነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት ኑረዲንን።

«እጀታ አለው፤ ጎረቤት ያዞረዋል።»

እትዬ ኑረዲንን ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ካልሠራስ?» አሉት።

«አይዞዎት ሃዳ ኮ። ኢንሻአላህ ይሠራል።» እናቴ ማለቱ ነው።

ቀትር

እትዬን በረንዳው ላይ አስቀምጠን ወደ ዶሮ ቤቱ ገባን፤ ማሽኑን ገጣጥመን በርሜሉን በመኖ ሞላን። ኑረዲን ቢስሚላህ ብሎ ማብሪያውን ተጫነ። ሰንሰለቱ ተንቋቋ፤ መኖው ከበርሜሉ ወጥቶ በገንዳው ውስጥ መንገድ ጀመረ። ዶሮዎቹ ግን በርግገው ጥግ ላይ አንዷ በሌላዋ ላይ ተከመሩ። እኔም በሩ ጋ ደርሻለሁ። ኑረዲን አጠፋው። ሰንሰለቱን ግራሶ ቀባና ደገመው። አሁንም ያው ነው፤ መኖው ሞልቶ አንዲት ዶሮ እንኳ ዝር አላለችም።

ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። «እንዴት ሆነ?»

«ገና ነን።»

«ዳኒ፣ ጨካኝ ሆኜ አይደለም። እንደገና ብትወድቅ ማን ያነሳታል?»

እውነቷን ነው።

ኑረዲን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ የምርኩዝ ድምፅ ሰማን። ጫጫታው አላስቀምጥ ብሏቸው እትዬ መጥተዋል።

«ምን አድርጋችሁ ነው ያስበረገጋችኋቸው? ስትገቡ ‹ቤቶች› ብላችኋል?»

ተያየን።

«ዶሮ ድንገት ሲገቡባት ትደነብራለች። እኔ በር ላይ ‹ቤቶች!› ሳልል ባልዲ ይዤ ገብቼ አላውቅም። እንኳን ማሽን፣ አማችም ቢሆን ሳይጣራ አይገባም!»

ወንበር አመጣሁላቸውና በሩ ላይ ተቀመጡ። «ቤቶች!» አሉ፣ ጎረቤት ቤት እንደመጣ ሰው። ጥግ ላይ የነበሩት አንገቶች ሁሉ ቀና አሉ። ኑረዲን ማብሪያውን ተጫነ። አንዲት ቀይ ዶሮ አመነታች፤ እትዬን አየች፤ ገንዳውን አየችና መጣች። ከዚያ ሁሉም ተግተልትለው መጡ። ቆርቆሮው በምንቃራቸው በረዶ እንደሚወርድበት ጮኸ። እትዬ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ደስ አለኝ፤ ዶሮ መፍራቴንም ረሳሁት።

ኑረዲን በደስታ ተነሳ። «ድምፅዎን በሞባይል ልቅዳና ከሞተሯ ጋር ላገናኘው? ያኔ እርስዎ ባይኖሩም ይሠራል!»

የእትዬ ፊት ጠቆረ።

«ኑሬ» አልኩት፣ በዓይኔ ወደ እሳቸው እያሳየሁ።

አየኝ፤ እሳቸውን አየ። «ኤዬ፣ እሺ፤ ለነገሩ የሞባይሉ ባትሪ አይቆይም» አለ።

አመሻሽ

የማታው መኖ ሲደርስ ሰናይት ጋ ደወልኩ። «ማሽኑ ይሠራል። ያለ እናትሽ ግን አይሠራም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዝም ብለሽ አዳምጪ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ እትዬ ዘረጋሁ። እትዬ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ተጣሩ፤ «ቤቶች!»

«ደጆች!» አለች ሰናይት ከስልኩ ውስጥ፣ ሳታስበው፣ በልጅነቷ ከጓዳ ሆና እንደምትመልሰው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ኑረዲን ማብሪያውን ተጫነ፤ ሰንሰለቱም ተንቋቋ። ሰናይት እያለቀሰች እንደሆነ ከትንፋሿ አወቅሁ።

«እማዬ፣ መጡልሽ?»

«መጡ ልጄ። ሁሉም መጥተዋል።»

«በይ እንግዲህ… እዚያው ሁኚ። ግን ቁጭ ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው፤ እሺ?»

«ቁጭ ብዬ ነው ልጄ፣ ቁጭ ብዬ» አሉ እትዬ።

የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ ብለው ኖሯል። ውጭ የጅማው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። ቀስ ብዬ ወንበሩን ከኋላቸው አስጠጋሁላቸው።