የሮክ መጽሔታችን አንባቢ ማን ነው?

በዚያ ጊዜ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ በአንዲት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀትና የሠርግ መጥሪያ እጽፍ ነበር። ሲዲ መምጣት ቢጀምርም ካሴት ገና አልሞተም። ወንድሜ በመተማ በኩል ካርቱም ገብቶ ስለነበር ሰው ባገኘ ቁጥር ካሴት ይልክልኛል። ከላካቸው አንዱ ሮክ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ሰማችና "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ሰው ሞቶበት ነው?" አለች። እኔ ግን ወደድኩት። ለምን ብትሉኝ ያኔ መልስ አልነበረኝም። እኛ ቤት ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ አድርጋ መናገሯ ነውር ስለነበረ ይሆናል።

በከተማው ይህን ነገር የሚጋሩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ አውቅ ነበር። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። እንግዳው እስክስታ እንዲመታ ሲጫወት ያመሽና የሚወደውን ለብቻው፣ ልምምድ ቤት ውስጥ ይጫወታል። ሁለተኛው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የለመዱት ሙዚቃ እንደሆነ ነግረውናል። ተማሪያቸው መሆኔ ካበቃ ዓመታት ቢያልፉም ፊታቸው ስቀርብ እጄን አውጥቼ መናገር ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

"መጽሔት እናውጣ" ያሉት እሳቸው ናቸው። በአማርኛ፣ ስለ ሮክ ብቻ የሚጽፍ፣ በየሁለት ወሩ የሚወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እትዬ ማባዣ ማሽን ስለነበራቸው እኔ እንዳናግራቸው ተላክሁ። እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙኝ።

"ወረቀቱንም ቀለሙንም እችላለሁ" አሉ። "ግን ለማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉልኝ። ለሁሉም ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። ለሁሉም እግር የሚሆን ጫማ አይቼ አላውቅም።"

ቀላል ጥያቄ መሰለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ልምምድ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። መምህሩ ደብተራቸውን ገልጠው ሠንጠረዥ አሰመሩ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ የትምህርት ደረጃ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ መሙላት ጀመሩ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት። ተማሪ። ከተሜ። እንግሊዝኛ የሚችል። ወንድ።

"ወንድ ብቻ?" አልኩ።

"ሴት አትሰማም አላልኩም" አሉ ቀና ሳይሉ። "አብዛኛውን ነው የምንይዘው።"

"እኔስ?"

ጊታሪስቱ ሳቀ። "አንቺማ ከእኛ ጋር ነሽ። አዘጋጅ ሆነሽ ደግሞ አንባቢ ልትሆኚ ነው?"

ፊቴ ጋለ። እነሱም አዘጋጆች ናቸው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ የገባው ግን ቁርጥ የእነሱ መልክ ነበር፣ ዕድሜውን ትንሽ ቀነስ አድርገው ነው እንጂ። ይህን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ "መምህር" የሚለው ቃል አስዋጠኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ሳምንት ነው። ሁላችንም ሄደን ሰው እንጠይቅ፣ ከዚያ እንጽፋለን ተባለ።

መምህሩ መጠይቅ አዘጋጅተው ለተማሪዎቻቸው አደሉ። ተማሪዎቹ ከፈተና የሚደመር መስሏቸው ሁሉም "ሮክ በጣም እወዳለሁ" ብለው ሞሉ። አንዷ ልጅ ግን ከሥር "በጂኦግራፊ ሦስት ዓይነት እንዳለ ተምረናል" ብላ የድንጋዮቹን ስም በሙሉ ዘርዝራለች። እኔ በሳቅ ስፈርስ መምህሩ እሷንም ከሚወዱት ጋር ደመሯት። ጊታሪስቱ የጠየቀው አብረውት የሚጫወቱትን ብቻ ነው።

እኔ ካሴት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ንግድ የሚያውቁ የጎንደር እስላም ናቸው። ሱቃቸው ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ የፈረንጅ ካሴት አላቸው።

"ሮክ የሚገዛዎት ማን ነው?" አልኳቸው።

"የሚገዛውን ተይው ልጄ፤ የሚመልሰውን ጠይቂኝ" አሉ። "ወስደው በማግስቱ ተበላሽቷል ብለው ያመጡልኛል። ጊታሩ ሲንጫረር ክሩ የተቆረጠ ይመስላቸዋል። አምላክ ያሳይሽ፣ ጤነኛ ካሴት ስንቴ ፈትቼ ጠግኛለሁ!"

"መልሶ የማያውቅስ የለም?"

አሰብ አደረጉ። ወደ ዛሪማ የሚመላለስ አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር አለ፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ እንዳያንቀላፋ ነው የሚገዛው። ሌላዋ ከአምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ ናት። "ደመወዝ በወጣ ቁጥር ትመጣለች። አንድም ቀን አልመለሰችም።"

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ። የወገራ ብርድ ነጠላዬን አልፎ አጥንቴ ገባ። ነርሷን ያገኘኋት እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ የተሰለፉበት ግቢ ውስጥ ነው። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ደልደል ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ከጎንደር እሷን ፍለጋ እንደመጣሁ ስነግራት ደነገጠች።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም ሲስተር። ስለ ካሴት ነው።"

"የቱ ካሴት?"

"ስለሚገዙት የሮክ ካሴት።"

ዙሪያዋን አየችና ክንዴን ይዛ ወደ መድኃኒት ክፍሉ አስገባችኝ። እዚያ መጽሔቱን፣ ሠንጠረዡን፣ ወንድ መባሉን ሁሉ ነገርኳት። ወንድ የሚለው ላይ ስደርስ ፈገግ አለች።

"እኔ እዚህ አዋላጅ ነኝ" አለችኝ። "ሴቶቹ ሲያምጡ ይጮሃሉ። አማቶቻቸው ዝም በይ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ጩኺ ነው የምላቸው። ቤቴ ስገባ የእኔስ በየት ይውጣ? ጎረቤት ምን ይላል? ካሴቱን እከፍተዋለሁ፣ ሰውየው ይጮህልኛል።"

"መጽሔቱ ቢወጣ ያነባሉ?"

"ስለ ዘፋኞቹ ጸጉርና ሱሪ ከሆነ ይቅርብኝ። የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ በአማርኛ ንገሩኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው አብሬው የኖርኩት። ይህን ከጻፋችሁልኝ ሸጋ ነው።"

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ገጹን በሐሳቤ ጽፌ ጨረስኩት። አንባቢያችን ሙዚቃውን ሰምቶ የወደደ፣ ቃሉ ግን ያልገባው ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ከተሜ ይሁን የወረዳ ሰው ግድ የለንም። ዕድሜ ብሎ ነገርም አያስፈልግ። እንዲህ ያለ ደስታ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የተሰማኝ።

መምህሩ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረግ ጠረግ እያደረጉ "አንዲት ነርስ፣ አንድ ሹፌር" አሉ። "በሁለት ነጥብ መስመር ይሰመራል እንጂ አንባቢ አይለካም። እኔ ጋ ሁለት ክፍል ሙሉ ተማሪ አለ።"

"ተማሪዎቹ እኮ እርስዎን ፈርተው ነው!"

ጊታሪስቱ የጊታሩን ክር መቃኘት ጀመረ፤ ሲጨንቀው እንደዚያ ነው። "አንተስ ምን ትላለህ?" ስለው "እኔ መቼ ይውጣ እንጂ ለማን ይውጣ አላልኩም" አለኝ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ያንን ገጽ ደግሞ የሚጽፈው ሌላ ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቀርቼ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩና በገዛ ጣቶቼ "ፆታ፦ ወንድ" ብዬ መታሁ። አጥፍቼ እንደገና መታሁት። እትዬ አንብበው "ግልጽ ነው፤ እንዲህ ነው እንጂ" ብለው ፈረሙበት። ያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል ከዚያ በኋላ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መምህሩን ሳይሆን ራሴን ነበር የተናደድኩት።

አንድ ጊዜ ወጣት ወንድ ተማሪ ከተባለ ሌላው በራሱ ተከተለ። ሽፋኑ ላይ ሞተር ብስክሌት ገባ። ቀጥሎ ተማሪ ኳስ ይወዳል ተብሎ ሁለት ገጽ የአውሮፓ እግር ኳስ፣ ከዚያም የፈተና ዝግጅት ምክር ገባ። እኔ የአንድ ዘፈንን ሐሳብ በአማርኛ ያብራራሁበት ጽሑፍ "ቦታ ጠበበ" ተብሎ ተቀነሰ። ተማሪዎቹ መጽሔቱን ወሰዱ፤ የኳስ ተጫዋቾቹን ፎቶ ቆርጠው ደብተራቸውን ለበዱበት። ሁለተኛው እትም ወጣ። ሦስተኛው ሳይወጣ ጊታሪስቱ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ መምህሩም ስለ መጽሔቱ ማውራት ተዉ። ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሥርጭቱ ነው ያበላሸን" ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ፤ ቤቴ እስክገባ ግን መልሱን ስደረድር ነው የምሄደው።

የተቀነሰብኝን ጽሑፍ ግን አልጣልኩትም። ሦስት ሌሎች ዘፈኖች ጨምሬ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ በአራት ገጽ ጻፍኩና እትዬን አስፈቅጄ በማባዣው አወጣሁት። ወስጄ ልሰጣት አምባ ጊዮርጊስ ስሄድ ነርሷ የለችም። ወደ ዛሪማ ተዛውራለች ተባልኩ። መናኸሪያው ላይ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የዛሪማ አውቶቡስ ረዳት አዘነልኝና "ጤና ጣቢያዋ ድረስ አደርሳለሁ፣ አታስቢ" ብሎ ፖስታውን ተቀበለኝ። አላመንኩትም። ሳምንታት አለፉ፣ አንድ ወርም ሞላ፤ በመንገድ ጥሎታል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ያው ረዳት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ከመድኃኒት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ ሰጠኝ። በስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ "እህቴ፣ ደርሶኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። ሦስተኛው ገጽ ግን አልገባኝም። አማርኛው የመጽሐፍ ነው፣ የሰው አይደለም። እንደገና ጻፊልኝ።"

እሷም? አልኩ በልቤ። ያንን ገጽ ነበር ከሁሉም አብልጬ የደከምኩበት። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጌ ጀምሬው የነበረውን የሠርግ መጥሪያ ቀጠልኩ። የሙሽራዋን ስም ሁለቴ ስቼ ጻፍኩት። ከዚያ መጥሪያውን ዘጋሁና የሦስተኛውን ገጽ ፋይል ከፍቼ ከመጀመሪያው መስመር ማጥፋት ጀመርኩ።